የሃያ ሽልንግ ቤት

እ.ኤ.አ. በ1909 ጥቂት የለንደን ሴቶች ከቴምዝ ወንዝ በስተደቡብ በሚገኘው የላምቤዝ ሰፈር እየዞሩ የሰው በር ያንኳኩ ጀመር። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንኳኪዎቹ የሶሻሊስቶች ስብስብ የሆነው የፌቢያን ማኅበር የሴቶች ቡድን አባላት ናቸው፤ የተማሩ፣ ባርኔጣ ያደረጉ፣ በቤታቸው ወጥ ቤት ያለቻቸው እመቤቶች። በር የሚከፍቱላቸው ደግሞ የጋሪ ነጂ፣ የባቡር ፉርጎ አጣቢ፣ የቧንቧ ሠራተኛ ረዳት፣ የግንበኛ የቀን ሠራተኛ ሚስቶች ናቸው፤ አንዷ አራስ፣ ሌላዋ ወሯ የገባ።

ጎብኚዎቹ ማጣራት የፈለጉት አንድ ነገር ነበር። አንዲት እናት ከመውለዷ ሦስት ወር አስቀድሞ ጀምራ ልጇ ዓመት እስኪሞላው ድረስ የሚበቃትን ያህል ብትመገብ እሷና ልጇ ምን ይሆናሉ? ለተጨማሪው ምግብ የሚሆን ገንዘብ ተገኝቷል። እናቶቹ በበኩላቸው በሳምንቱ የገባውንና የወጣውን እያንዳንዱን ፔኒ በደብተር እንዲጽፉ ተጠየቁ። መጻፍ ለማይችሉት ባል ወይም ትልቁ ልጅ ጸሐፊ ሆነላቸው። ሐኪሟ ኤቴል ቤንታም ሕፃናቱን ይመረምሩ፣ ይመዝኑም ነበር።

የአራት ዓመቱ ድካም በ1913 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። ጸሐፊዋ ወይዘሮ ሞድ ፔምበር ሪቭስ ናቸው፤ አውስትራሊያ ተወልደው ኒው ዚላንድ የኖሩ፣ የዚያች አገር ሴቶች በ1893 የመምረጥ መብት እስኪያገኙ ድረስ አብረው የታገሉ ሴት። የመጽሐፉ ርእስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «በሳምንት አንድ ፓውንድ ገደማ» እንደማለት ነው። አንድ ፓውንድ 20 ሽልንግ፣ አንዱ ሽልንግ 12 ፔኒ ነበር። እንግዲህ ስድስትና ሰባት፣ አንዳንዴም ስምንት ነፍስ ሰባት ቀን የሚያድረው በ240 ፔኒ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ቸኩሎ እንዳይሳሳት፤ እነዚህ ቤቶች የለማኝ ቤቶች አልነበሩም። የአብዛኞቹ አባወራ ሥራ አለው፣ አይሰክርም፣ ደመወዙን ለሚስቱ ያስረክባል። ወይዘሮ ሪቭስ ይህን ደጋግመው ያሳስባሉ፤ ምክንያትም አላቸው። ከ18 እስከ 26 ሽልንግ የሚያገኝ ጨዋ ሠራተኛ ቤት ውስጥ ሕፃን የሚሞት ከሆነ፣ ከእሱ በታች ባለው ቤት ምን እየሆነ እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም። ከዚያም አልፎ ዘመኑ ሁሉ የተስማማባቸው ሁለት ክሶች መቆሚያ ያጣሉ።

የመጀመሪያው ክስ በእናት ላይ ነው። እንግሊዝ ከቦር ሰፋሪዎች ጋር በደቡብ አፍሪካ ስትዋጋ፣ ከ1899 እስከ 1902፣ ለወታደርነት ከቀረቡት የከተማ ወጣቶች ብዙዎቹ አጭር፣ ደረተ ጠባብ፣ ጥርሰ ብልሹ ሆነው ተገኙና ተመለሱ። መንግሥት ደነገጠ። በ1904 የሕዝቡን አካላዊ መዳከም የሚመረምር ኮሚቴ ሪፖርቱን አወጣ። ሕፃናት በድንገት የኢምፓየሩ ጉዳይ ሆኑ፤ ለሕፃናቱ ሲባል ሳይሆን ነገ ጠመንጃ ለሚሸከመው ትከሻ ሲባል። ይህን ማለት ምጸት አይደለም፤ የዘመኑ ሰዎች ራሳቸው በግልጽ ይሉት ነበር። በ1901 በእንግሊዝና በዌልስ ከሚወለዱት 1,000 ሕፃናት 151ዱ አንደኛ ዓመታቸውን ሳያከብሩ ይሞቱ ነበር። ለምን? በ1906 ስለ ሕፃናት ሞት ሰፊ መጽሐፍ ያሳተሙት ሐኪም ጆርጅ ኒውማን የነገሩ ሁሉ እምብርት እናትነት መሆኑን ጻፉ። በዚያው ዓመት ለንደን በተደረገው የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕፃናት ሞት ጉባኤ ላይ ሚኒስትሩ ጆን በርንስ ከእናቲቱ እንጀምር አሉ። በርንስ ራሳቸው በደቡብ ለንደን በድህነት ያደጉ፣ የመርከብ ወደብ ሠራተኞችን አድማ ከመሩት አንዱ የነበሩ ሰው ናቸው። ከድህነት የወጣ ሰው የወጣበትን ቤት እንዲህ በጥብቅ ሲዳኝ ማየት በታሪክ አዲስ አይደለም።

ሁለተኛው ክስ በአባት ላይ ነው። ሥራ የሌለው ሰው ሥራ ፈት እንጂ ሥራ አጥ አይደለም ይባል ነበር። የ1834ቱ የድኾች ሕግ የተመሠረተው በዚህ እምነት ላይ ነው፤ አቅም ያለው ሰው እርዳታ ቢጠይቅ ወደ ድኾች ማቆያ ይግባ፣ የማቆያውም ኑሮ ከመጨረሻው የጉልበት ሠራተኛ ኑሮ የከፋ ይሁን። ማቆያው የተሠራው ሰው እንዲሸሸው ነበር፤ ሰውም ሸሸው።

አንድ ቤት፣ ሁለት ተከሳሾች፤ አንዷ አላዋቂ፣ አንዱ ሰነፍ። ክሶቹ የሚመሳሰሉት በአንድ ነገር ነው፤ ሁለቱም ጥፋቱን ከበሩ ወዲህ፣ ከጓዳ ውስጥ ይፈልጋሉ። ከበሩ ወዲያ ያለው የደመወዝ ልክ፣ የኪራይ ዋጋ፣ የወደቡ ሥራ አቀጣጠር ግን እንደ ዝናብና እንደ ፀሐይ ተቆጠረ፤ ማን ዝናብን ይከሳል?

ቁጥሩ ግን ቀድሞም ሌላ ነገር ይናገር ነበር። የዮርክ ከተማ ቸኮላታ ፋብሪካ ባለቤት ልጅ የነበሩት ሲቦም ራውንትሪ በ1899 ከተማቸውን ቤት ለቤት አስጠንተው በ1901 ያሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ፣ ከሠራተኛው ሕዝብ እጅግ ድኻ በሆነው ክፍል ከ1,000 ሕፃናት 247ቱ ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ ተመዝግቧል። የቤት ሠራተኛ መቅጠር በሚችሉት ቤቶች ግን 94 ነበር። በአትላንቲክ ማዶም እንዲሁ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ቢሮ በ1912 ተቋቁሞ የመጀመሪያ ጥናቱን በብረት ፋብሪካዋ ከተማ በጆንስታውን ሲያደርግ፣ አባታቸው በሳምንት ከ10 ዶላር በታች ከሚያገኝ ሕፃናት ከ1,000 ወደ 256 የሚጠጉት ሲሞቱ፣ 25 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሚያገኝ ቤት የሞቱት 84 ሆነው ተገኙ። የእናትነት ፍቅርም ሆነ ዕውቀት በደመወዝ ልክ እየተሰፈረ የሚታደል ካልሆነ በቀር፣ ይህን መሰላል በአላዋቂነት ብቻ ማስረዳት ያስቸግራል።

ራውንትሪ ያሰሉት ሌላም ነገር አለ። ባል፣ ሚስትና ሦስት ልጆች አካላቸው እንዳይጎዳ ብቻ በዮርክ ኪራይ በሳምንት 21 ሽልንግ ከ8 ፔኒ ያስፈልጋቸዋል አሉ። በዚህ ሒሳብ ውስጥ ጋዜጣ የለም፣ የፖስታ ቴምብር የለም፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጥ ሳንቲም የለም፣ ለአባትየው ትምባሆ የለም። የላምቤዙ ቤት እንግዲህ ልጆቹ ከሦስት የበዙ፣ ኪራዩ የለንደን ኪራይ፣ ገቢውም 20 ሽልንግ ግድም ነው።

አሁን ወደ ገንፎው እንሂድ።

የዘመኑ ሐኪሞችና በጎ አድራጊዎች ድኻ እናቶችን ሲመክሩ ከአፋቸው የማይጠፋ አንድ ምግብ ነበር፤ የአጃ ገንፎ። ርካሽ ነው፣ ያጠግባል፣ ከዳቦና ከሻይ ይሻላል። ጎብኚዎቹም ይህን ምክር ይዘው ገቡ። እናቶቹ በትሕትና አዳመጡ፣ ከዚያም ልጆቹ ዳቧቸውን መብላት ቀጠሉ። መጀመሪያ ላይ ነገሩ ግትርነት ይመስላል። ቀስ በቀስ ምክንያቱ ወጣ። አጃ ቶሎ አይበስልም፤ ምድጃው ፔኒ እየጎረሰ በሚሠራ ጋዝ የሚነድ ነው። በቤቱ ያለው ድስት አንድ፣ ያውም ያረጀና የሚያሳርር ነው፤ ትናንት ዓሣ የተቀቀለበት ድስት ዛሬ ገንፎ ሲሠራበት ምን እንደሚሸት መናገር አያስፈልግም። ወተትና ስኳር ያልነካውን ገንፎ ልጆቹ ቀምሰው ይተፉታል፤ ወተትና ስኳር ከተጨመረበት ደግሞ ርካሽ መሆኑ ይቀራል። ባልየው አይበላውም። የተረፈው ሲጣል የተጣለው አጃ ብቻ አይደለም፤ ጋዙም ጭምር ነው። ዳቦ ግን ድስት አይፈልግም፣ እሳት አይፈልግም፣ ሳህንና ማንኪያ አይፈልግም፤ ልጅ በእጁ ይዞት ይወጣል፣ ፍርፋሪም አይቀርም።

ከዚህ በኋላ አላዋቂው ማን እንደነበረ መጠየቅ ተገቢ ነው። መካሪዋ ስለ አጃ ብዙ ታውቃለች፤ ተመካሪዋ ስለ አጃ፣ ስለ ጋዝ፣ ስለ ድስቱ፣ ስለ ባሏ ምላስና ስለ ልጆቿ ሆድ በአንድነት ታውቃለች። የመጀመሪያው ዕውቀት መጽሐፍ ውስጥ ይገባል። ሁለተኛው መጽሐፍ ውስጥ ለመግባት እነዚያ በፔኒ የተሞሉ ደብተሮች እስኪገለጡ መጠበቅ ነበረበት። የወይዘሮ ሪቭስ ትልቁ ጨዋነት፣ ምክራቸው ለምን እንዳልሠራ በተመካሪዎቹ ላይ ሳይስቁ መጻፋቸው ነው።

ወተቱም እንደዚያው ነው። አንድ ሕፃን በቀን አንድ ኳርት፣ ከሊትር ጥቂት የሚበልጥ ወተት ያስፈልገዋል ይባል ነበር። ኳርቱ 4 ፔኒ ነው። በሳምንት 28 ፔኒ፣ ማለትም 2 ሽልንግ ከ4 ፔኒ ይመጣል፤ ለአንድ ልጅ ብቻ። ለቤቱ ሁሉ የምግብ ወጪ 10 ሽልንግ በማይሞላበት ቤት ይህ ምክር ሳይሆን ተረት ነው። ስለዚህ ሕፃኑ ጡት ካልጠባ ትኩስ ወተት በጥቂቱ ይገዛለታል፤ ሌሎቹ ልጆች ስቡ የወጣለት የቆርቆሮ ወተት ይደርሳቸዋል። ሥጋው ለአባትየው ነው። ክፋት አይደለም፤ ጉልበቱ የቤቱ ብቸኛ ንብረት ነው፣ እሱ ከወደቀ ሁሉም ይወድቃል። ልጆቹ ከእሱ በኋላ፣ እናቲቱ ከልጆቹ በኋላ።

ኪራይ ደግሞ አይደራደርም። ወይዘሮ ሪቭስ ያቀረቡት ንጽጽር ዛሬም ያስገርማል። በዓመት 2,000 ፓውንድ የሚያገኝ ሀብታም ለቤቱ የሚከፍለው የገቢውን አንድ ስምንተኛ ያህል ሲሆን፣ በሳምንት 24 ሽልንግ የሚያገኘው የላምቤዝ ሰው 8 ሽልንጉን፣ አንድ ሦስተኛውን ይከፍላል። ለዚያውም የሚያገኘው ሦስት ጠባብ ክፍል ነው። ኪራይ ለመቀነስ የሚፈልግ ወደ ምድር ቤት ይወርዳል፤ እዚያ እርጥበትና ጨለማ አለ፣ ሕፃናትም ያስላሉ። ብርሃን ያለበትን ቤት የመረጠች እናት ብርሃኑን የምትከፍለው ከልጆቿ አፍ ቀንሳ ነው። አየር ወይስ ዳቦ?

አሪስቶትል ስለ ፈቃድና ስለ ግዴታ ሲጽፍ በማዕበል መካከል ያለ መርከበኛ ያነሳል። ዕቃውን ወደ ባሕር የሚጥለው ሰው በገዛ እጁ ነው የሚጥለው፤ ማንም አላስገደደውም። ነገር ግን በደህና ቀን ዕቃውን ወዶ የሚጥል የለም። ፈላስፋው እንዲህ ያለውን ተግባር ቅይጥ ነው ይለዋል፤ የፈቃድም የግዴታም መልክ አለው። የላምቤዟ እናት በየሳምንቱ ደመወዝ ሲገባ የምትሠራው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ የእሷ ማዕበል የማያባራ መሆኑ ላይ ነው። ከውጭ የሚያያት ሰው የጣለችውን ዕቃ ቆጥሮ አባካኝ ይላታል። መርከቡ ለምን እንደሚሰምጥ አይጠይቅም።

ከዕቃዎቹ ሁሉ ግን ለውጭ ሰው ዓይን የሚከብድ አንድ አለ፤ የቀብር መድን። በእነዚያ ደብተሮች ውስጥ በየሳምንቱ ለመድን ሰብሳቢው የሚከፈል ሳንቲም ተመዝግቧል፤ በተለምዶ ለእያንዳንዱ ልጅ 1 ፔኒ፣ ለእናት 2፣ ለአባት 3። ብዙ ልጆች ባሉበት ቤት ይህ ሽልንግ ሊሞላ ይደርሳል። ልጁ በሕይወት ሳለ ወተት ያጣ፣ ለመቃብሩ ግን ይቆጠብለታል! ቁጠባን እንደ ሃይማኖት ለሚሰብክ ዘመን እንኳ ይህ እብደት ይመስል ነበር።

የአዲስ አበባ አንባቢ ግን ይህን ቶሎ ይረዳዋል። እድር ያለበት ሰው ሞት ቤቱን ሲያንኳኳ ድንኳኑ ከየት ይመጣል ብሎ አይጨነቅም፤ የወር መዋጮውን ባዶ ሆዱንም ቢሆን ይከፍላል። ልዩነቱ እድር የጎረቤት ሲሆን የላምቤዙ መድን የኩባንያ መሆኑ ነው፤ ሰብሳቢው ሳንቲሙን ይዞ ይሄዳል እንጂ ሬሳ አይሸኝም። መክፈል ካልቻሉ የከፈሉት ሁሉ ቀለጠ። ያም ሆኖ ይከፍሉ ነበር፤ አማራጩን ያውቁታልና። መድን የሌለው ሕፃን በመንግሥት ወጪ ከማያውቃቸው ሙታን ጋር በአንድ ጉድጓድ ይቀበራል፤ አባቱም በድኾች እርዳታ መዝገብ ይገባል፣ ስሙ ከጨዋ ሠራተኛነት ይወርዳል። የወይዘሮ ሪቭስ ክርክር እዚህ ላይ ጥንቃቄ አለበት፤ ገንዘቡ ወተት ቢገዛ ይሻል እንደነበር አይክዱም። የሚሉት፣ ሕፃናት በዚህ ብዛት በሚሞቱበት ሰፈር ሞትን በዕቅድ ውስጥ ማስገባት ከዕውቀት የመነጨ መሆኑን ነው። እናቲቱ ልጇን ስለናቀች አይደለም የምትከፍለው። የሰፈሩን የሞት ልክ ከማንኛውም የስታቲስቲክስ ባለሙያ በፊት ስለምታውቅ ነው።

ስለ መኝታም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ሕፃናት ከወላጆቻቸው ጋር በአንድ አልጋ ይተኙ ስለነበር አንዳንዶቹ ታፍነው ይሞቱ ነበር፤ ዳኞችና ጋዜጦች ይህን በእናት ስካር ያመካኙት ነበር። የ1908ቱ የሕፃናት ሕግ ሰክሮ ከሕፃን ጋር የተኛና ሕፃኑን ያፈነ ሰው የሚቀጣበት አንቀጽ አስገባ። ላምቤዝ ውስጥ ግን ነገሩ የአልጋ ቁጥር ነበር፤ አራት ሰው ባለበት አልጋ አምስተኛው የት ይተኛ? ጎብኚዎቹ በመጨረሻ የሙዝ ማሸጊያ ሣጥን አልጋ እንዲሆን አደረጉ። አንድ ሣጥን ከአንድ አንቀጽ የበለጠ ሠራ።

እዚህ ድረስ የተባለው ሁሉ እውነት ቢሆንም፣ ነገሩን በዚህ ብቻ መዝጋት ግን ለክርክሩ አንድ ወገን ማድላት ይሆናል። የእናትን ዕውቀት ያስቀደሙት ሐኪሞች ሞኞች አልነበሩም። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጥጥ አስቀርቶ የላንክሻየር ፋብሪካዎች በ1860ዎቹ ሲዘጉ፣ ፓሪስም በ1870 እና 1871 በፕሩሲያ ጦር ስትከበብ፣ ረኃብ እያለ የሕፃናት ሞት ቀንሷል ብለው ይጠቅሱ ነበር። ምክንያቱም እናቶች ሥራ ሲያጡ ቤት ውለው ጡት አጠቡ። ጡትና ጡጦ በእርግጥ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነበር። ረጅም የጎማ ቱቦ የነበረው የዘመኑ ጡጦ ውስጡ ስለማይታጠብ ጀርም ያረባ ነበር፤ ፈረንሳይ በ1910 በሕግ ከለከለችው። በጋው የሞቀ እንደሆነ፣ በ1911 እንደሆነው፣ ተቅማጥ ሕፃናትን ይፈጅ ነበር። በፈረንሳይ ፌካን ከተማ ዶክተር ሌዮን ዱፉር በ1894 የጀመሩት የጸዳ ወተት ማደያ በ1899 እንግሊዝ ውስጥ በሴይንት ሄለንስ ከተማ ተቀድቶ ተከፈተ።

ይህም ቢሆን ግን ወደ ጓዳው ብቻ አይመልስም። የበርሚንግሃም ከተማ ጤና ሹሞች በ1908 አካባቢ በሁለት ድኻ ሰፈሮች እናቲቱ ውጭ ስትሠራና ቤት ስትውል ያለውን ልዩነት ሲመረምሩ፣ የሚጠበቀው ትልቅ ልዩነት አልተገኘም፤ ጎልቶ የወጣው ድህነቱ ነበር። የምትሠራዋ እናት ጡጦ ብትይዝም ሽልንግ ታመጣለች፤ ቤት የምትውለዋ ጡት ብታጠባም ራሷ አልበላችም። ዕውቀት ያለ እጅ፣ እጅም ያለ ሳንቲም ምን ያህል ይሄዳል?

የሀደርስፊልድ ከተማ ከንቲባ ቤንጃሚን ብሮድቤንት በ1904 ሥልጣን ሲይዙ ለዚህ ጥያቄ ያልታሰበ መልስ ሰጡ። በሎንግዉድ ቀበሌ በሹመታቸው ዘመን የሚወለድ ሕፃን ሁሉ ዓመት ሲሞላው ከኪሳቸው አንድ ፓውንድ እንደሚከፍሉ የሚገልጽ የቃል ኪዳን ካርድ አደሉ። ሴቶች ቤት እየዞሩ ስለ ሕፃን አያያዝ ይመክሩ ነበር። የሕፃናቱ ሞት በግልጽ ቀነሰ። የፓውንዱን ድርሻ ከምክሩ ድርሻ መለየት አይቻልም፤ ከንቲባው ሳያስቡት ይሁን አስበው፣ ምክርን ከላምቤዝ አባወራ የሳምንት ደመወዝ ጋር አንድ ላይ አሰሩት።

አባትየው ሥራ ሲያጣ ከላይ የተባለው ሒሳብ ሁሉ ይፈርሳል። የሚፈርስበት ቅደም ተከተል ግን ሁልጊዜ አንድ ነው። ኪራይ ይቀጥላል፤ ካልተከፈለ ጎዳና ነውና። አባትየው ሥራ ፍለጋ በእግሩ መዞር ስላለበት እሱም ይበላል። የሚጠበው የእናቲቱና የልጆቹ ምግብ ነው። በወደቡ ላይ ጠዋት ጠዋት በር ፊት ከሚሰለፈው ሕዝብ ለግማሽ ቀን የሚመረጠው ጥቂቱ ነበር። ወጣቱ ዊሊያም ቤቨሪጅ በ1909 ባወጡት መጽሐፍ ሥራ አጥነት የኢንዱስትሪው አሠራር የሚወልደው ችግር ነው ብለው ሞገቱ፤ በየካቲት 1910 የመጀመሪያዎቹ 62 የሥራ ማገናኛ ቢሮዎች ተከፈቱ፤ የ1911ዱ የብሔራዊ መድን ሕግ ደግሞ ለግንባታ፣ ለመርከብ ሥራና ለመሰል ሙያዎች በሳምንት 7 ሽልንግ፣ በዓመት እስከ 15 ሳምንት የሥራ አጥነት ክፍያ ፈቀደ። በዚህም የአባት ክስ ተነሣ ማለት ይቻላል፤ ሰነፍ የነበረው ሰው በሕግ ሥራ አጥ ሆነ። ግን 7 ሽልንጉ ለአንድ ሰው ነው። ሚስት ቢኖረው ያው 7፣ ስድስት ልጅ ቢኖረው ያው 7። ለሚስትና ለልጅ ጭማሪ የመጣው በ1921 ነው። ሕጉ ሰውየውን አየ፤ ከኋላው የቆሙትን አላየም።

ታዲያ እናቲቱን ማን ያያት? መታየት ራሱ ዋጋ ነበረው። በየሳምንቱ እንግዳ መጥቶ ድስትሽን አሳዪኝ፣ ልጅሽን አስመዝኚ፣ ምን ገዛሽ ሲላት፣ ጓዳዋ የሌላ ሰው መጽሐፍ መሆኑ ነው። ይህን ያልወደዱ ነበሩ። የወይዘሮ ሪቭስ መጽሐፍ ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1915፣ ነገሩ ተገለበጠ። በማርጋሬት ልዌሊን ዴቪስ ይመራ የነበረው የሴቶች የኅብረት ሥራ ማኅበር ሠራተኛ ሴቶች ስለ እርግዝናቸውና ስለ ወሊዳቸው ራሳቸው የጻፏቸውን 160 ደብዳቤዎች አሳተመ። ጎብኚ የለም፣ መካሪ የለም፤ ብዕሩ በእነሱ እጅ ነው። ማኅበሩ ቀደም ሲልም በ1911ዱ ሕግ የተፈቀደው የ30 ሽልንግ የወሊድ ክፍያ የእናቲቱ ንብረት እንዲሆን ታግሎ በ1913 አስወስኗል። ገንዘቡ ለባል ይሁን ለሚስት የሚለው ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ከላይ ካየነው የአበላል ተራ አንጻር ትንሽ አይደለም።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣ። የላምቤዝ ባሎች ወደ ፈረንሳይ ሲዘምቱ መንግሥት ለሚስቶቻቸው በየሳምንቱ፣ በልጅ ቁጥር ልክ ገንዘብ ይከፍል ጀመር። ብዙዎቹ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የማይቋረጥ ገቢ አገኙ። ከሰማይ ቦምብ በሚወርድበት፣ ስኳር በማይገኝበት ዘመን፣ በ1916 የሕፃናት ሞት ከ1,000 ሕፃናት 91 ብቻ እስኪሆን ወረደ። ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው የሚል ታሪክ ጸሐፊ የለም፤ ግን ሊቨርፑል ውስጥ ይህን ክፍያ ያስተባብሩ የነበሩት ኤሌኖር ራትቦን ከዚያ ደብተር አንድ ሐሳብ ይዘው ወጡ። ደመወዝ የሚከፈለው ለሥራ ነው፣ የአፍ ቁጥር አይጠይቅም፤ ስለዚህ ልጆች ያሉት ቤት ከደመወዝ ውጭ ሌላ ነገር ያስፈልገዋል፤ ያም ለእናቲቱ ይሰጥ። በ1924 ይህን በመጽሐፍ አወጡ። ወይዘሮ ሪቭስም ላምቤዝን ካጠኑ በኋላ ከዚህ ብዙ ያልራቀ ነገር ጠይቀው ነበር፤ መንግሥት የልጆች ሞግዚት ይሁን ብለው።

ሐሳቡ ሕግ ለመሆን እስከ 1945 ቆየ። የመጀመሪያው ረቂቅ ገንዘቡን ለአባት የሚሰጥ ነበር፤ ራትቦን በፓርላማ ተከራክረው ለእናት እንዲሆን አስለወጡት፤ በጥር 1946 ዐረፉ። ክፍያው በዚያው ዓመት በነሐሴ ተጀመረ፤ በሳምንት 5 ሽልንግ፣ ለሁለተኛው ልጅና ከእሱ ለሚከተሉት ብቻ። በኩሩ ልጅ የራሱን ድርሻ ያገኘው ገና በ1977 ነው።